ካላዛርን ከጥርጣሬ እስከ ፈውስ መከታተል፦ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ካላዛር ሳይታከም ከቀረ የያዘውን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገድል፣ በወቅቱ ከተደረሰበት ግን አብዛኛው ታካሚ ድኖ ወደ ሥራው የሚመለስበት በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ እየተራባ ደም የሚመረትበትንና ሰውነት ራሱን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል። በአገራችን በሽታው ሥር የሰደደባቸው ቦታዎች በሰሜን ምዕራብ የመተማና የሁመራ ቆላዎች፣ በደቡብ ደግሞ የኦሞ፣ የወይጦና የሰገን ሸለቆዎች ናቸው። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያተኩረው በሰሜን ምዕራቡ ላይ ነው። የተጻፈው ለጤና መኮንኖች፣ ለነርሶችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች ስለሆነ፣ የመድኃኒት መጠኖቹን በሥራ ላይ ካለው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ጋር እያስተያዩ መጠቀም ይገባል።

1. ታካሚው የት እንደከረመ መጠየቅ

ካላዛር በብዛት የሚያመልጠን በላቦራቶሪ ድክመት ሳይሆን ገና በካርድ ክፍሉና በምርመራ ጠረጴዛው መካከል ነው። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ እርሻዎች ይወርዳሉ። ቀን በፀሐይ ሲሠሩ ይውላሉ፣ ሌሊት ደግሞ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ፣ በግራር ሥር፣ ያለ አጎበር ይተኛሉ። የአሸዋ ዝንብ መጠኗ ከወባ ትንኝ እጅግ ያነሰ ነው፤ ድምፅ የላትም፣ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች፣ ቀኑን የምታሳልፈውም በዚያው የዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከንክሻው እስከ ሕመሙ መጀመሪያ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ስለሚያልፍ፣ ሠራተኛው የሚታመመው ደመወዙን ይዞ ደጋ ካለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እዚያ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ካላዛር አይቶ ላያውቅ ይችላል።

የሊቦ ከምከም ወረዳ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ደግሞ ከ2004 እስከ 2005 ባለው ጊዜ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ ዙሪያ ሰው እየከሳና እየተኮሰው ሲሞት፣ በሽታው መጀመሪያ የተወሰደው መድኃኒት እንደተላመደ ወባ ነበር። አካባቢው ከዚያ በፊት በካላዛር አይታወቅም፤ በሽታውን ያስገቡት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። ምንነቱ ተረጋግጦ ሕክምና እስኪጀመር ድረስ ግን ብዙ ሕይወት ጠፍቷል።

ስለዚህ ጥያቄው በደንብ መጠየቅ አለበት። «ቆላ ነበርክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ታማሚው የሚወቀስ መስሎት ሊክድ፣ ወይም አሁን ስላለበት ቦታ የተጠየቀ መስሎት «የለም» ሊል ይችላል። ወጣቱን «ወንድሜ፣ ባለፈው ክረምት የት ከረምክ? ለአጨዳስ የት ወረድክ?»፣ በዕድሜ የገፉትን ደግሞ «አባቴ፣ ዘንድሮና አምና ከቀዬዎ ወጥተው የሠሩበት ቦታ አለ?» ብሎ መጠየቅ ቀጥተኛ መልስ ያስገኛል። ወደ ኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት መሄድም ተገቢ ነው። ተሕዋሱ ያለ ምንም ምልክት በሰውነት ውስጥ ዓመታት ቆይቶ፣ ኤች አይ ቪ ወይም የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ሲመጣ ሊቀሰቀስ ይችላል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሄደ የቆላ ተወላጅ ወይም የቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲይዘው፣ ቀድሞ የኖረበትን ቦታ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

2. መጠርጠርና መመርመር

በበሽታው ወደሚታወቅ አካባቢ የሄደ ወይም በዚያ የሚኖር ሰው ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ኖሮት፣ ወባ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ወይም የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው፣ በዚያም ላይ ጣፊያው ካበጠ ወይም ንፍፊት ካወጣና ከከሳ፣ የካላዛር ተጠርጣሪ ነው። ነስር፣ የደም ማነስ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ሳልና ተቅማጥ በብዛት አብረው ይታያሉ።

ጣፊያን መዳሰስ ቀላል ቢመስልም ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። እጃችንን በቀጥታ በግራ የጎድን አጥንት ሥር ካስቀመጥን፣ እስከ እምብርት የወረደ ጣፊያ ከእጃችን በታች ስለሚሆን ጠርዙን ሳናገኘው እንቀራለን። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቶቹን አጥፎ ሳለ፣ ከሆዱ ቀኝ የታችኛው ክፍል ጀምረን፣ በየትንፋሹ እጃችንን ጥቂት በጥቂት ወደ ግራ የጎድን አጥንት እያስጠጋን መሄድ አለብን። ጠርዙ ሲገኝ ከጎድን አጥንቱ እስከ ጣፊያው ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተን በሴንቲ ሜትር ካርዱ ላይ እንጽፋለን። «ጣፊያው አብጧል» ብሎ ብቻ መጻፍ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሻሉን ለሚያይ ባለሙያ ምንም አይጠቅመውም። በግራ ሆድ ላይ የመተኮስ ወይም የብጣት ጠባሳ ካለም፣ ታማሚው ስለ ጣፊያው ሲጨነቅ መቆየቱንና ሕመሙ ጊዜ ማስቆጠሩን ይነግረናል። በባህል ሐኪም ዘንድ ወይም በጸበል የቆየን ሰው መገሠጽ የሚቀጥለውን ታካሚ ከማራቅ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ጸበሉና መርፌው ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ መንገር ይበልጣል።

3. የሚመሳሰሉ በሽታዎችን ማጣራት

ወባ በዚያው ቆላ፣ በዚያው ወቅት የሚይዝ በመሆኑ ሁልጊዜ ይመረመራል። ነገር ግን በደሙ ውስጥ የወባ ተሕዋስ መገኘቱ ካላዛርን አያስቀርም። ወባው ታክሞ ትኩሳቱ ካልለቀቀና ጣፊያው ካልቀነሰ፣ ሁለተኛ ዙር የወባ መድኃኒት ከማዘዝ ይልቅ የካላዛር ምርመራ መታዘዝ አለበት። የአንጀት ቢልሃርዚያ ጉበትን አጠንክሮ ጣፊያን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የቆየ ቢልሃርዚያ ብዙውን ጊዜ የማያቋርጥ ትኩሳት የለውም፣ ደም ማስታወክና በሆድ ውሃ መቋጠር ግን የእሱ ምልክቶች ናቸው። የተሰራጨ ቲቢ፣ ታይፎይድ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ግርሻ ትኩሳትና የደም ካንሰርም መታሰብ አለባቸው። በደም ቆጠራ ላይ ነጭ የደም ሴል፣ ቀይ የደም ሴልና ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ሦስቱም አንድ ላይ ወርደው ከታዩ የካላዛር ጥርጣሬ ይጠነክራል። ቲቢ ደግሞ ከካላዛር ጋር አብሮም ስለሚገኝ፣ አንዱ መገኘቱ ሌላውን መፈለግን አያስቆምም።

4. ፈጣኑ ምርመራና አጠቃቀሙ

አርኬ39 የተባለው ፈጣን መመርመሪያ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ የሚችል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ምርመራ ነው። በመመርመሪያው ላይ የሚንጠባጠበው የደም ወይም የሴረም መጠንና የሚነበብበት ደቂቃ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የማሸጊያውን መመሪያ መከተል ግድ ነው። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልታየ ምርመራው ዋጋ የለውም፤ የውጤቱ መስመር ግን የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ፖዘቲቭ ነው።

መመርመሪያው የሚያየው ተሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ የዳነ ሰው ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ፖዘቲቭ ሆኖ ስለሚቆይ፣ በሽታው ማገርሸቱን በዚህ ምርመራ ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ በቆላው የሚኖር ጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል፣ ከላይ የተጠቀሰውን የተጠርጣሪ መስፈርት ያላሟላ ሰው መመርመር የለበትም። ሦስተኛ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የምርመራው የመለየት አቅም ከሕንድ ያነሰ ነው፤ እዚህ ከ100 ሕሙማን 85 ያህሉን ብቻ ያገኛል፣ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ላይ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ስለዚህ የተጠርጣሪ መስፈርቱን ያሟላና ከዚህ በፊት ካላዛር ያልያዘው ሰው ፖዘቲቭ ከሆነ ሕክምና ይጀመርለታል፤ ኔጋቲቭ ከሆነና ጥርጣሬው ከጸና ግን «የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም። ዳት የተባለው የደም ምርመራ ወደሚሠራበት ወይም ናሙና ከሰውነት ክፍል ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ሆስፒታል ይላካል። ዳት አንድ ሌሊት የሚጠይቅና የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ አርኬ39 የቆየን በሽታ ከአዲስ አይለይም።

5. ተሕዋሱን በዓይን ማየት

ቀድሞ ታክሞ የነበረ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ወይም በደም ምርመራ ያልለየለት ታካሚ ናሙና ያስፈልገዋል። ያበጠ ንፍፊት ካለ ከእሱ መቅዳት ቀላሉና አደጋ የሌለው መንገድ ነው፤ ችግሩ ከሕሙማን ግማሽ ያህሉን ሊያመልጥ መቻሉ ነው። የአጥንት መቅኔ ከዚያ ይሻላል፣ ነገር ግን ያማል። ከሁሉም የላቀው የጣፊያ ናሙና ሲሆን፣ ከ100 ሕሙማን ከ93 በላይ የሚሆኑትን ያረጋግጣል። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ለሞት የሚያደርስ የደም መፍሰስ የሚገጥመው ከ1,000 አንድ ያህሉን ነው፤ ይህ ትንሽ ቁጥር ቢመስልም ጥንቃቄውን ለመዝለል ፈቃድ አይሰጥም።

ፕላትሌቱ ከ40,000 በታች ከሆነ፣ ደም የሚፈሰው ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነ ከሆነ፣ በሆዱ ውሃ ከቋጠረ፣ ደም ማነሱ ከጠና፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ጣፊያው ከጎድን አጥንት ሥር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልወረደ ከጣፊያ አይቀዳም። ደም ማስተላለፍ የማይችል ተቋምም ባይሞክረው ይሻላል። በሚሠራበት ጊዜ የጣፊያው ዙሪያ በእስክሪብቶ ይሰመራል፤ ቀጭን መርፌ የተገጠመበት የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይዘጋጃል፤ ታካሚው ትንፋሹን ይዞ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ሲሪንጁ እየተሳበ መርፌው ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ መብለጥ የለበትም፤ ጣፊያ የሚቀደደው መርፌው ውስጥ እያለ ታካሚው ሲተነፍስ ነውና። በሲሪንጁ ውስጥ ደም ባይታይም በመርፌው ቀዳዳ ያለችው ጠብታ ለስሚር፣ ማለትም በመስታወት ላይ ተቀብቶ ለሚታየው ናሙና፣ ትበቃለች። ከዚያ ታካሚው ለ12 ሰዓት ከአልጋ አይወርድም፤ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ መጀመሪያ በየግማሽ ሰዓቱ ለ4 ሰዓት፣ ቀጥሎ በየሰዓቱ ለ6 ሰዓት ይለካል።

ስሚሩ በጊምሳ ተቀልሞ በ100 የማጉላት ኃይል ባለው የዘይት ሌንስ ይታያል። የምንፈልገው ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር የሆነ ክብ ወይም ሞላላ አካል ሲሆን፣ በውስጡ አንድ ትልቅ አስኳልና ከጎኑ ጠቆር ያለች ትንሽ በትር መሰል ነጥብ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ነጥቧ የሌለችው አካል ፕላትሌት ወይም የቀለም ዝቃጭ ልትሆን ትችላለች። የተሕዋሱ ብዛት ከ1+ እስከ 6+ ይመዘገባል፤ 1+ ማለት በ1,000 እይታ ውስጥ ከ1 እስከ 10፣ 6+ ማለት ደግሞ በአንድ እይታ ከ100 በላይ ነው። 1,000 እይታ ሳይታይ ኔጋቲቭ ብሎ መፈረም አይገባም።

6. መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት

ሁሉም ታካሚ የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግለታል፣ ምክንያቱም የመድኃኒቱ ምርጫ ከሥር መሠረቱ የሚለወጠው በዚህ ውጤት ነው። የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የደም ቆጠራ፣ ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ፣ ከተቻለም ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይሠራሉ። ታካሚው ያለ ጫማና ያለ ጋቢ ይመዘናል፤ መድኃኒቱ የሚሰላው በገመትነው ሳይሆን በተመዘነው ኪሎ ነው።

የካላዛር ታካሚ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በተሕዋሱ ብቻ ሳይሆን በሳንባ ምች፣ በቲቢ፣ በደም መፍሰስና በምግብ እጥረት ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲኩ፣ የሕክምና ምግቡና የሚጠጣው ፈሳሽ ከመርፌው እኩል ትኩረት ያስፈልጋቸዋል፤ ደም ማነሱ ሕይወቱን የሚያሰጋ ከሆነ ደም ይሰጠዋል።

7. መድኃኒቱን መምረጥና መስጠት

ኤች አይ ቪ ለሌለበትና ሁኔታው ላልከፋ ታካሚ የተለመደው የመጀመሪያ ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ለ17 ቀን ነው። ስቲቦግሉኮኔት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ሚሊ ግራም፣ ፓሮሞማይሲን ሰልፌት ደግሞ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ስቲቦግሉኮኔት 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስላለው 10 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ፓሮሞማይሲን 750 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 500 ሚሊ ግራም ሰልፌት ካለው 1.5 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ አንዳንድ ብልቃጥ ላይ የሚጻፈው 500 ሳይሆን 375 ነው፣ ይህም የሰልፌቱ ሳይሆን የመሠረቱ (ቤዝ) መጠን ነው። ሁለቱን ያምታታ ባለሙያ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል አብልጦ ሊሰጥ ይችላል። በጡንቻ የሚሰጠው የስቲቦግሉኮኔት መጠን ሲበዛ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫ ይወጋል።

ስቲቦግሉኮኔት የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ቆሽትን ሊያስቆጣ፣ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ታካሚው በየቀኑ ትውከት፣ ከባድ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን መሳት እንዳለ ይጠየቃል፤ የማያቋርጥ ትውከትና የሆድ ሕመም ሲታይ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ፓሮሞማይሲን ደግሞ የመስማት ችሎታን ሊቀንስ ስለሚችል፣ «ጆሮዬ ይጮሃል» የሚል ታካሚ በቸልታ አይታለፍም።

ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይለቃል፤ አስቸጋሪው ጊዜ የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ታካሚው መብላትና መራመድ ይጀምራል፣ የሁለቱ መርፌ ሕመም ያሰለቸዋል፣ ቤቱና የቀን ገቢው ያሳስቡታል፤ ስለዚህ «ድኛለሁ፣ ልሂድ» ይላል። በጀመረው ዕለት የቀኖቹን ቁጥር ከነምክንያቱ መንገርና አስታማሚውንም ማሳመን ኋላ ከመለመን ያድናል። መድኃኒቱ በነፃ መሆኑ መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ወጪውን ነውና። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ የተካሄደ ጥናት ሚልቴፎሲን የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ከፓሮሞማይሲን ጋር ለ14 ቀን መስጠት ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር የሚስተካከል ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ በሁለቱም በኩል ከ100 ታካሚ 91 ያህሉ ድነዋል። የመርፌውን ቁጥር ከ34 ወደ 14 ስለሚያወርደው በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅሙ ታካሚው ሳያቋርጥ እንዲጨርስ ማገዙ ነው። ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለማርገዝ የምትችል ሴትም በሕክምናው ጊዜና ካበቃ በኋላ ለ5 ወር አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋታል። ሆድን ስለሚያስቀይም ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ዓይን መቅላትና ሕመም ከመጣ ደግሞ ወዲያው መታየት አለበት።

ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ደም የሚፈሰው፣ በራሱ መቆም የማይችል፣ ወይም ኩላሊቱ፣ ጉበቱ ወይም ልቡ የታመመ ሰው የሚታከመው በደም ሥር በሚሰጠው አምቢሶም (ሊፖሶማል አምፎተሪሲን ቢ) ነው። መጠኑ በቀን ለኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ግራም ሆኖ በድምሩ ለኪሎ እስከ 30 ሚሊ ግራም ይደርሳል። 50 ሚሊ ግራም የያዘው ብልቃጥ በ12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ ይበጠበጣል፣ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያም በራሱ ማጣሪያ አልፎ ከ5 በመቶ ግሉኮስ ጋር ይቀላቀላል። ከሳላይን ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መድኃኒቱ ይቋጠራል፤ ቀድሞ ሳላይን የነበረበት መስመርም በግሉኮስ መታጠብ አለበት። የቆላ ሙቀት ስለሚያበላሸው ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጡ ይረጋገጣል። ፖታሲየምና ክሪያቲኒን በየጊዜው ይታያሉ።

8. ኤች አይ ቪ አብሮ ሲገኝ

የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ካላዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ በብዛት ከሚገናኙባቸው የዓለም ቦታዎች አንዱ ነው። ለእነዚህ ታካሚዎች ስቲቦግሉኮኔት መርዛማ ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚሞትበት ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2022 ያወጣው ምክር ለምሥራቅ አፍሪካ አምቢሶም ለኪሎ 5 ሚሊ ግራም በ1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛውና 11ኛው ቀን፣ ከዚሁ ጋር ሚልቴፎሲን በቀን 100 ሚሊ ግራም ለ28 ቀን እንዲሰጥ ነው። ምክሩ ያረፈው በከፊል በጎንደርና በአብደራፊ በተሠራ ጥናት ላይ ነው፤ በዚያ ጥናት ተሕዋሱ ላልጠፋላቸው ሕክምናው ሲደገም፣ ጥምሩን ከወሰዱት 88 በመቶ፣ አምቢሶም ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 55 በመቶ ከተሕዋሱ ነፃ ሆነዋል። ስለዚህ በእነዚህ ሰዎች ላይ ሕክምናው ሲያበቃ ናሙና ተቀድቶ ተሕዋሱ መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት፤ ካልጠፋ ይደገማል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ያልጀመረ ታካሚም ሁኔታው እንደተረጋጋ ይጀምራል፤ ማገርሸትን ለመከላከልም በየወሩ የሚሰጥ ፔንታሚዲን ይታሰባል።

9. መዳኑን መወሰንና ከዚያ በኋላ

ኤች አይ ቪ ለሌለበት ታካሚ ትኩሳቱ ከጠፋ፣ ኪሎው ከጨመረ፣ ሄሞግሎቢኑ ከፍ ካለና በሴንቲ ሜትር የተለካው ጣፊያ ከቀነሰ ያለ ናሙና መሰናበት ይችላል። ጣፊያው በአንዴ ወደ ቦታው አይመለስም፤ መቀነስ መጀመሩ ይበቃል። የመጨረሻው ፍርድ የሚሰጠው ከ6 ወር በኋላ ስለሆነ የቀጠሮው ቀን በካርድ ላይ ይጻፍለታል፤ ወደ ቆላ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነም የትኛው ጤና ጣቢያ ሊያየው እንደሚችል ይነገረዋል፣ አጎበር ይዞም ይወርዳል። በመካከሉ ትኩሳቱ ከተመለሰ አርኬ39 ሳይባክን በቀጥታ ወደ ናሙና ይኬዳል።

አንዳንድ የዳነ ሰው በወራት ውስጥ ከአፉ ዙሪያ ጀምሮ ፊቱ ላይ፣ ቀጥሎም ደረቱና ክንዱ ላይ ሽፍታ ወይም ጉብታ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ከካላዛር በኋላ የሚመጣ የቆዳ ችግር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይጠፋል፤ የሚታከመው ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ የተስፋፋ ወይም ዓይንና አፍን የነካ ከሆነ ነው። ከሥጋ ደዌ ለመለየት በሽፍታው ላይ የመዳሰስ ስሜት መኖሩ በጥጥ ይፈተሻል፤ ስሜቱ ካለ የሥጋ ደዌ ጥርጣሬ ይቀንሳል። ከቁንጭርም ጋር መምታታት የለበትም፤ ቁንጭር በደጋው ሽኮኮ ባለበት ገደላማ አካባቢ የሚይዝ፣ ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ በተባለ ሌላ ተሕዋስ የሚመጣ የቆዳ ቁስል ነው፤ ወደ ጣፊያ አይወርድም፣ ትኩሳትም የለውም። ቁንጭር ያለበት ሰው ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ ስሚር ይሠራለታል እንጂ የካላዛር ሕክምና አይጀመርለትም።